ተራራው ወዴት ገባ?

«ልጆች ሲጠይቁ» ዓምድ

ለዚህ እትም የመረጥነው ደብዳቤ ከከሚሴ የመጣ ነው። የጻፉልን እህታችን የሦስት ልጆች እናት ናቸው። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው መካከለኛ ልጃቸው አንድ ምሽት በቴሌቪዥን ስለ ንጎሮንጎሮ የሚያሳይ ፊልም ተመልክታ ሁለት ጥያቄ አከታተለችባቸው። «እማ፣ እንዲህ ያለ ጉድጓድ በእኛ አገር አለ?» አለች። እናት ገና መልስ ሳይሰጡ ሁለተኛው መጣ፤ «ቤታችን ሥርስ ሊከፈት ይችላል?» ለመጀመሪያው «እኔ እንጃ»፣ ለሁለተኛው «ይልቅ ሂጂና ተኚ» ብለው እንዳለፉት እህታችን ሳይደብቁ ጽፈዋል። ልጅቷ ግን አልተኛችም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ስለደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከሰማች ወዲህ፣ ሌሊት በአውራ ጎዳናው ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ብንን ብላ ትነሣለች።

ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አላቸው። የመጀመሪያው መልስ «አዎ፣ አለ» የሚል ነው። የሁለተኛው ደግሞ «አይከፈትም፤ ነገር ግን» የሚል ነው። ለከሚሴ ሰው ከጉድጓዱ ይልቅ የሚያስፈልገው ይህ «ነገር ግን» ስለሆነ ወደ መጨረሻው ሰፋ አድርገን እንነጋገርበታለን። ወደዚያ ለመድረስ ግን በመጀመሪያ ጉድጓዱን ማወቅ ያስፈልጋል።

በፊልሙ ላይ ከታየው እንጀምር። ንጎሮንጎሮ በሰሜን ታንዛንያ የሚገኝ፣ ዙሪያውን በተራራ ግድግዳ የታጠረ ሰፊ ሜዳ ነው። የወለሉ ስፋት 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአፋፉ እስከ ወለሉ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመድረስ ደግሞ ከ16 እስከ 19 ኪሎ ሜትር መሄድ ይጠይቃል። በዚህ ቅጥር ውስጥ አንበሳ፣ ጎሽ፣ ዝሆን፣ አውራሪስና የሜዳ አህያን ጨምሮ ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ ትልልቅ እንስሳት ይኖራሉ። ለሳፋሪ ከሚመጡ ጎብኚዎች ብዙዎቹ ሳያዩት የማይመለሱት ለዚህ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ቀጭኔ ግን እዚያ ወለል ላይ የለችም።

ከእንስሳቱ ይልቅ የሚያስገርመው ሜዳው ራሱ ነው፤ ቀድሞ ተራራ ነበር። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከፍታው ከ4,500 ሜትር ያላነሰ እሳተ ገሞራ እንደነበረ ይገምታሉ። ከእኛው ራስ ዳሽን ጋር የሚስተካከል፣ ምናልባትም የሚበልጥ ተራራ ማለት ነው። (እንዲህ ያሉ የሚሊዮን ዓመት ቁጥሮች ሲጠሩ ቅር የሚላቸው አንባቢያን እንዳሉ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አውቃለሁ። እኔ ባለሙያዎቹ የሚሰጡትን ቁጥር እንዳለ አቀርባለሁ፤ ልጆቻችንም በትምህርት ቤት የሚማሩት ይህንኑ ነው።) ያ ሁሉ ተራራ አልተጠረገም፣ በጎርፍም አልታጠበም፤ ወደ ውስጥ ገባ።

ስለ ንጎሮንጎሮ ሲወራ «ውሃ ያልሞላውና ግድግዳው ያልተቆረጠ በዓለም ትልቁ» የሚለውን ማዕረግ ትሰማላችሁ። «ውሃ ያልሞላው» የሚለው ቃል ያለ ምክንያት አልገባም። ለኢትዮጵያዊ ይህ ቃል ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም የእኛው የሻላ ሐይቅ የተኛው በዚሁ ዓይነት በተደረመሰ እሳተ ገሞራ ውስጥ ነው። የሐይቁ ስፋት ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱም ከ260 ሜትር በላይ ነው። በስፋት ከንጎሮንጎሮ አያንስም ማለት ነው። ልዩነቱ በዚያኛው ላይ አንበሳ ሲራመድ በዚህኛው ላይ ውሃ መሙላቱ ነው።

የእኛው ፈንታሌ

ለከሚሴዋ ልጅ ግን ሻላ ሩቅ ነው። ለእርሷ የሚቀርበው ምሳሌ ፈንታሌ ነው። የኢትዮጵያን ካርታ ዘርግታችሁ ከከሚሴ ወደ ደቡብ ቀጥ ያለ መስመር በማስመሪያ ብታሰምሩ፣ መስመሩ 200 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ፈንታሌ ተራራ አጠገብ ይደርሳል። በመኪና ግን እንዲህ አይቀርብም። በካራቆሬ፣ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አልፎ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ፣ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ ደርሶ፣ ከዚያ ደግሞ በአዳማ በኩል ወደ መተሐራ መውረድ ነው።

ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሐረር በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ሳያውቀውም ቢሆን አይቶታል። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ዳር ስትደርሱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ የተሰባበረ ድንጋይ ይታያል። ቀና ብላችሁ በስተግራ ብትመለከቱ ብቻውን የቆመው ሰፊ ተራራ ፈንታሌ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል 2,007 ሜትር ነው። ከታች ሲያዩት ጫፉ የተቆረጠ ይመስላል እንጂ ውስጡ ባዶ መሆኑ አይታወቅም። ተራራው በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ነው። ሳላ፣ የሜዳ ፍየልና አጋዘን ለማየት የሚመጡ ጎብኚዎች ከፏፏቴውና ከፍል ውሃው ቀጥሎ የሚጠይቁት ይህን ተራራ ነው። በዙሪያው የሚኖሩት ከረዩዎች አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ አርብቶ አደሮች ናቸው። ስለዚህ ከከሚሴ የሄደ ሰው አስተርጓሚ ሳያስፈልገው መንገድ መጠየቅ ይችላል።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ። የፈንታሌ ጉድጓድ ክብ አይደለም፤ ሞላላ ነው። ርዝመቱ 4.5 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 2.5 ኪሎ ሜትር ነው። ጥልቀቱ 350 ሜትር ገደማ ሲሆን ግድግዳው ከፍ በሚልበት በኩል እስከ 500 ሜትር ይደርሳል። ቁጥር ብቻውን ለልጅ ምንም አይነግርም። ስለዚህ እንዲህ በሏት፦ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው በአዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ 209 ሜትር ይረዝማል። ያን ሕንፃ ከጉድጓዱ ወለል ላይ ብናቆመው ጫፉ ከአፋፉ በብዙ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ግድግዳው ከፍ በሚልበት በኩል ደግሞ ሁለት እንዲህ ያሉ ሕንፃዎች ብንደራርብ እንኳ አይደርሱም። ዙሪያውን በአፋፉ ላይ ልዙር ያለ ሰው ከ11 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ይጠብቀዋል፤ ያውም ሸካራና ወጣ ገባ ነው። እንዲያም ሆኖ የወለሉ ስፋት 9 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ንጎሮንጎሮ ከ25 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል።

እንግዲህ ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ንጎሮንጎሮ ያለቀለት፣ የቀዘቀዘ ነው። ፈንታሌ ግን በሕይወት አለ። በውስጡ እንፋሎት የሚተነፍሱ ስንጥቆች አሉ፤ የሥራው ታሪክም ገና አልተዘጋም።

የማሽላ ጉድጓድ

ብዙ ሰው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሲባል ተራራው ፈንድቶ ጫፉ ወደ ሰማይ የበረረ ይመስለዋል። እንዲህ የተፈጠሩ ጉድጓዶች የሉም አይደለም። ቢሾፍቱ የሚገኙት ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያና ሌሎቹ ሐይቆች የተኙት በፍንዳታ በተከፈቱ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ከሥር እየወጣ ያለ ቅልጥ አለት የከርሰ ምድር ውሃ ሲያገኝ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱም ምድሩን ቀዶ ይወጣል። በዘነዘና እንደተመታ ያህል ክብና ጥልቅ የሆኑት ለዚህ ነው። የፈንታሌና የንጎሮንጎሮ ነገር ግን ሌላ ነው። ባለሙያዎች እነዚህን «ካልዴራ» ይሏቸዋል፤ ቃሉ ከስፓኒሽና ከፖርቱጋልኛ የመጣ ሆኖ ትልቅ ድስት ማለት ነው። እኔ ግን ከድስቱ ይልቅ ለወሎ ቆላ ልጅ የሚቀርበውን ምሳሌ እመርጣለሁ።

አያቶቻችን ማሽላቸውን የሚያኖሩበትን የእህል ጉድጓድ አስቡ። አፉ ተከድኖ አፈር ይለብሳል፤ ከላይ ሲያዩት ተራ መሬት ነው። እህሉ በውስጡ ሙሉ ሆኖ ሳለ ከላይ ያለው ክዳን የተደገፈ ነው። እህሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ግን ከብት ቢረግጠው ምን ይሆናል? ክዳኑ ወደ ውስጥ ይገባል። የሚገባው ከላይ የመታው ኃይል ስላለ ሳይሆን ከሥር የያዘው ነገር ስላለቀ ነው።

ፈንታሌም እንዲሁ ነው። ከተራራው ሥር፣ ኪሎ ሜትሮች ወደ ታች፣ ቅልጥ አለት የተጠራቀመበት ጎተራ ነበር። ተራራው የተሠራው ከዚያ ጎተራ በየዘመኑ እየወጣ በላዩ በተደራረበ ድንጋይ ነው። በብዛት ባልጩት ነው፤ ያ ጥቁር፣ እንደ ብርጭቆ የሚያንጸባርቀውና ሲሰበር የሚቆርጠው ድንጋይ ማለት ነው። ከዚያ ከ170 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጎተራው በአንድ ጊዜ ብዙውን አወጣ። የወጣው እንደ ማር የሚፈስ ላቫ አልነበረም። ጋዝ የበዛበት፣ የጋለ አመድና የድንጋይ ፍርፋሪ የተቀላቀለበት ደመና ሆኖ መሬት ለመሬት እየተንከባለለ በተራራው ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ ተነጠፈ። እጅግ ከመጋሉ የተነሣ ሲያርፍ አመዱ እርስ በርሱ ተጣብቆ ድንጋይ ሆነ። ከሥሩ የታፈነ ጋዝ በየቦታው ይህን ንጣፍ ወደ ላይ ነፍቶታል፤ ቂጣ ምጣድ ላይ እያለ አየር ገብቶበት እንደሚያብጠው ማለት ነው። ዛሬም በፈንታሌ ዙሪያ ውስጣቸው ክፍት የሆነ፣ እንደ ጎጆ ክዳን የጎበጡ የድንጋይ እብጠቶች ይታያሉ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር በብዛት ስለማይገኝ ባለሙያዎች ከሩቅ አገር እየመጡ አጥንተዋቸዋል። እኔን ብትጠይቁኝ ከጉድጓዱ ያላነሱ የሚታዩ ናቸው፤ አስጎብኚዎች ስለ ምን እንደሚዘሏቸው አይገባኝም።

ጎተራው ባዶ ሲሆን የተራራው ጫፍ የሚደግፈው አጣ። ዙሪያውን ተሰነጠቀና ወረደ። «ተራራው ወዴት ገባ?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ መልሱ እንዲህ ነው፦ ከፊሉ አመድ ሆኖ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ ከፊሉ ቀድሞ ቅልጡ በነበረበት ቦታ ላይ ወርዷል።

ስለ ሞላላነቱም አንድ ነገር ልጨምር። የጉድጓዱ ረጅሙ ጎን ስምጥ ሸለቆውን አቋርጦ ነው የተጋደመው። ስምጥ ሸለቆው ራሱ ደግሞ ግራና ቀኙ የሚራራቅ ምድር ነው። የሚራራቀው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጥፍራችን በሁለት ወር ከሚያድገው አይበልጥም። ነገር ግን በሺህ ዓመት 5 ሜትር፣ በ170 ሺህ ዓመት ደግሞ 850 ሜትር ይሆናል። ይህ መለጠጥ ነው ከሥር ቅልጡ የሚወጣበትን መንገድ የሚከፍተው። ፈንታሌን የሠራው እርሱ ነው፤ የከሚሴንም ሸለቆ የሠራው እርሱ ነው።

ከመደርመሱ በኋላ ተራራው ዝም አላለም። በ13ኛው መቶ ዘመን ከተራራው በስተደቡብ የነበረ አንድ ከተማ ከነቤተ ክርስቲያኑ በእሳተ ገሞራ መጥፋቱ ተመዝግቧል። በ1812 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1820) ገደማ ደግሞ በደቡባዊው ጎኑ 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ተከፍቶ ላቫ ፈሰሰ። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት፣ ከመተሐራ መንገድ ዳር የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ታሪኩ ይህ ነው። ሁለት መቶ ዓመት አልፎት እንኳ ብዙ ሣር አልበቀለበትም።

ከዚያ 2017 ዓ.ም. መጣ። በመስከረም ወር በፈንታሌ ዙሪያ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በታኅሣሥ ጠንክሮ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዶፈን ተራራ ተሻገረ። ታኅሣሥ 25 ቀን በዶፈን አካባቢ ከምድር ሥር እንፋሎትና አፈር በኃይል ሲወጣ ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አይተናል። የካቲት 7 ቀን መጠኑ 6 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወደ መጠለያ ወጡ። ከሳተላይት በተወሰደ የራዳር ምስል እንደታየው፣ ከፈንታሌ እስከ ዶፈን ባለው ምድር ሥር መሬቱ ተከፍቶ ቅልጥ አለት በአሥር ኪሎ ሜትሮች በሚቆጠር ርዝመት እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ገብቷል። ግን ላቫ ሆኖ ላዩ ላይ አልወጣም። አዲስ ካልዴራም አልተከፈተም። በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. የፈነዳው ሃይሊ ጉቢ በሰሜን አፋር የሚገኝ ሌላ ተራራ ነው። አመዱ እስከ የመንና ሕንድ መድረሱን የሰማ ልጅ ሁለቱን ቢያምታታቸው አይፈረድበትም፤ እናንተ ግን ለይታችሁ አስረዱት።

ከሚሴ ሥር ምን አለ?

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ደርሰናል። እህታችን፣ ለልጅዎ ያለ ማመንታት ሊነግሯት የሚችሉት ይህ ነው፦ ካልዴራ የሚከፈተው በእሳተ ገሞራ ተራራ ላይ፣ ከሥሩም ብዙ ቅልጥ አለት በተጠራቀመበት ቦታ ነው። ከሚሴ እሳተ ገሞራ ላይ አልተቀመጠችም። በዙሪያዋ ያሉት ኮረብቶች ጥቁር ድንጋይ ድሮ ላቫ መሆኑ እውነት ነው። ያ ላቫ ግን የሰሜን ኢትዮጵያን ደጋ በሙሉ ያለበሰው፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰውና የቀዘቀዘው ነው። ማሽላው ከወጣበት ጉድጓድ ላይ አይደለም ቤታችሁ የተሠራው።

አሁን ያ «ነገር ግን» ይመጣል። ከከሚሴ ወጣ ብላችሁ ከፍ ካለ ቦታ ጨፋን ተመልከቱ። በስተምዕራብ የደጋው ተራራ እንደ ግንብ ቆሟል፤ በስተምሥራቅም ወደ አፋር ከመውረዱ በፊት ሌላ የኮረብታ ሰንሰለት አለ። በመካከሉ ያለው ሜዳ ግን እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው፤ የቦርከና ወንዝም እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን አጥቶ ይተኛል፤ ረግረግ ይሆናል። በበጋ የኦሮሞውም የአፋሩም ከብት ሣር ፍለጋ የሚወርድበት ይኸው ነው። ይህ ሜዳ በወንዝ የተቆረጠ ሸለቆ አይደለም። የሰመጠ መሬት ነው።

የታሰረ የማገዶ ሸክም አስቡ። ገመዱ ሲላላ ምን ይሆናል? ግራና ቀኝ ያሉት እንጨቶች ፈቀቅ ይላሉ፤ የመካከሉ ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል። ምድር ሲለጠጥም እንዲሁ ነው። ከደጋው ጫፍ ሥር ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደ ገንዳ የተደረደሩ እንዲህ ያሉ ሰምጦ ሜዳዎች አሉ፤ የሐይቅ አካባቢ አንዱ ነው፣ የቦርከና አንዱ ነው፣ የሮቢት አንዱ ነው። ፈንታሌ ላይ መሬቱ የወረደው ከሥሩ የነበረው ስላለቀ ነው። ጨፋ ላይ የወረደው ግራና ቀኙ ስለተራራቀ ነው። የሁለቱ ልዩነት ለነዋሪው ትልቅ ነው። በፈንታሌ መሬቱ የወረደው በአንድ ታላቅ ፍንዳታ ጊዜ ነበር። በጨፋ ግን መውረዱ ጥቂት በጥቂት፣ ሲፈልግ ለብዙ ዓመታት ዝም ብሎ፣ ሲነሣ ደግሞ በድንገት ነው። መሬቱ በስንጥቁ ላይ በተንሸራተተ ጊዜ የሚሰማን የመሬት መንቀጥቀጥ ነው።

ይህ ደግሞ ሆኗል። ግንቦት 25 ቀን 1953 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ከከሚሴ በስተደቡብ በካራቆሬ አካባቢ መጠኑ 6.5 ገደማ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከዚያ ቀን በፊትም ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከዚያም በኋላ ለወራት አላቆመም። የማጀቴ ከተማ ሙሉ በሙሉ ፈረሰች። በካራቆሬ ከመቶ ቤት 45ቱ ወደቀ። ከካራቆሬ ወደ ሰሜን፣ ማለትም ወደ ከሚሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 17 ኪሎ ሜትር ያህሉ በመሬት መንሸራተትና በስንጥቅ ተበላሸ። 5 ሺህ ያህል ሰው ያለ ቤት ቀረ። ይህን ሁሉ ዛሬ የምናውቀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት ካናዳዊው ፒየር ጉዋን የአገራችንን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ ስላሳተሙት ነው። በአካባቢው ያሉ ሽማግሌዎችም የሚያስታውሱት አላቸው። በቤታችሁ ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ አያት ካሉ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው፤ ልጆቹም አጠገባቸው ተቀምጠው ይስሙ።

ስለዚህ ልጅቷን «ምንም አይመጣም» ብሎ ማስተኛት ትክክል አይመስለኝም። ልጅ የሚፈራው ያልተነገረውን ነው። ጉድጓድ እንደማይከፈት፣ መሬቱ ግን አልፎ አልፎ ሊነቃነቅ እንደሚችል፣ በዚያን ጊዜ ምን እንደምታደርግ ብታውቅ ይሻላታል። የከባድ መኪናውንም ነገር እንዲህ አስረዷት፦ መኪና ድምፁ ከአንድ ወገን ይመጣል፣ እየጎላ በደጅ ያልፋል፣ ወደ ሌላው ወገን ይጠፋል። የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲህ መጥቶ የሚያልፍበት ወገን የለውም፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለው አምፖልም መወዛወዝ ይጀምራል።

ሲንቀጠቀጥ በፎቅ ላይ ያለ ሰው ወደ ደረጃ አይሩጥ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እግሩን አጥብቆ ይያዝ፣ ራሱን ይሸፍን። በምድር ቤት፣ በተለይም በድንጋይና በጭቃ በተሠራ ቤት ውስጥ ሆኖ በሩ አጠገቡ ላለ ሰው ፈጥኖ ወደ ገላጣ ቦታ መውጣት ይሻለዋል። ከወጡ በኋላ ከአጥር ግንብና ከመብራት ምሰሶ መራቅ ነው። ምድጃ ወይም ከሰል ካለ መንቀጥቀጡ ሲቆም ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን ሰውን የሚገድለው መሬቱ አይደለም፤ ቤቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በዚህ መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ሁሉ በየቀኑ ቤት ይሠራል። የእንጨት ማዋቀሪያ ያለው የጭቃ ቤት ድሃ ቢመስልም ሲወዛወዝ አብሮ ይወዛወዛል፤ ቢወድቅም ክብደቱ ቀላል ነው። አደገኛው ያለ ሲሚንቶ በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ ለጎን ግፊት አቅም የለውም። ሁለተኛው አደገኛ ደግሞ ዘመናዊ የሚመስለው፣ በብሎኬት ቶሎ ቶሎ ተገንብቶ ኮለኑና ቢሙ በቅጡ ያልተያያዘው ቤት ነው። በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የወጣው የግንባታ ደንብ አገሪቱን እንደ መሬት መንቀጥቀጥ አደጋዋ መጠን በዞን ከፋፍሏል፤ የስምጥ ሸለቆና የአፋፉ አካባቢ ከፍ ያለ አደጋ ካለባቸው ውስጥ ነው። ደንቡ በኋላም ተሻሽሏል። ከወረቀት ወርዶ ግንበኛው እጅ ላይ መድረሱ ግን የባለቤቱ ዓይን ይፈልጋል።

ቤት የምትሠሩ ቤተሰቦች ጣሪያው ከመመታቱ በፊት ግንበኛውን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ከግድግዳው ጫፍ ላይ ዙሪያውን ሳይቋረጥ የሚሄድ የኮንክሪት ቢም አለው ወይ? ቢሙ ቤቱን እንደ ቀበቶ ያስራል። በየማዕዘኑ ፌሮው ተቆርጦ አጠገብ ለአጠገብ ከመቀመጥ ይልቅ ታጥፎ ወደ ሌላው ጎን መግባት አለበት፤ በተለምዶ ለቁጠባ የሚተውት እዚህ ጋ ነው። ስታፋው ተቀራርቦ ይታሰር። ለመሥራት አቅም ለሌለን፣ በተከራየነው ቤት ለምንኖር ደግሞ ዛሬ ማታ የሚሠራ ሥራ አለ፦ ከልጆቹ አልጋ ራስጌ በላይ ምን ተሰቅሏል? ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው ጋር ተያይዟል? ከላዩ የተደረደረው ሻንጣና ብረት ድስት ቢወድቅ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? አልጋውን አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ማድረግ፣ ሻንጣውን ወደ ታች ማውረድ፣ ቁም ሣጥኑን በሁለት ምስማርና በሽቦ ማሰር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ልጅቷም መዶሻውን እያቀበለች ታግዝ።